እንብላ

የ200 ብር ኖት በ2013 መስከረም ላይ ሲወጣ ለሠርግና ለጥሎሽ የታተመ ነበር የመሰለኝ። ዛሬ በቀን አንዷን እየዘረዘርኩ እበላለሁ። ጠዋት ሻይ በዳቦ 35 ብር፣ ምሳ ሽሮ 120። የምትተርፈው 45 ብር ለማታ ሁለት እንጀራ ትገዛለች፤ ማባያው እናቴ የላከችልኝ በርበሬ ነው። በስልክ "ምን በላህ የኔ ልጅ?" ስትለኝ "ያንቺኑ እጅ" እላታለሁ። ትመርቀኛለች።

አንዳንዴ ሐሙስ ቀን "ዛሬም ሽሮ?" የሚለኝ አይጠፋም። "እንዴ፣ ረቡዕ አይደለም?" ብዬ እደነግጣለሁ። የሁዳዴ 55 ቀንማ ዕረፍቴ ነው፤ አገሩ ሁሉ እኔን ይመስላል።

ሂሳቤ እንከን የለውም። እንከኑ ሰው ነው።

ሽሮ ቤት ስገባ ጥግ ይዤ ጀርባዬን ለበሩ እሰጣለሁ። ሽሮዋ በሸክላ ድስቷ እየተንተከተከች ትመጣለች። እኔ ታዲያ አልቸኩልም። ከእንጀራው ዳር ዳሩን እጀምራለሁ፣ በማንኪያ ጠብ፣ ጠብ እያደረግኩ፤ ወጥ የጠጣው መሀሉ ለመጨረሻ ይቆያል። ወጥና እንጀራ እኩል እንዲያልቁ ማድረግ ዓመታት የፈጀብኝ ሙያ ነው። ወጥ ቀድሞ ካለቀ ደረቅ እንጀራ ያንቃል፣ እንጀራ ቀድሞ ካለቀ ጭማሪው ይከፈልበታል።

ባለፈው ማክሰኞ ገና ዳሩን ሳልጨርስ ከኋላዬ "አንተ! ብቻህን?" የሚል ድምፅ መጣ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው። አፌ እኔን ሳያስፈቅድ "እንብላ!" አለ።

እንብላ እኮ ሰላምታ ነው። መልሱም የታወቀ ነው፦ "ብላ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ነው የበላሁት።" እኔ ራሴ አንጀቴ እየጮኸ ስንቴ "አሁን ነው የበላሁት" ብያለሁ! ይሄ ሰውዬ ግን መልስ አልሰጠኝም። ከጀርባዬ የቧንቧ ድምፅ ሰማሁ። እየታጠበ ነው፤ ያውም በሳሙና።

መጣና ከየት ጀመረ? ከመሀል! ሦስት ቀን እንዳልበላ ሰው ሁለቴ ጠቀለለና ሦስተኛዋን፣ ወፍራሟን፣ ወደ እኔ ዘረጋ። "በሞቴ!" ከገዛ ሽሮዬ እያጎረሰኝ አመሰገንኩት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደገመኝ። እኔም አጸፋውን መመለስ ነበረብኝና በገዛ እጄ ምሳዬን እየጠቀለልኩ አፉ ውስጥ ከተትኩ። ጭማሪ እንጀራ አዘዘ። ጭማሪ ወጥም አዘዘ።

ሂሳብ ሲመጣ ሁለታችንም ተነሳን። "አፈር ስሆን እኔ ነኝ የምከፍለው!" አለ። "ሞቼ ነው ቆሜ!" አልኩ። እሱ ክንዴን ጥርቅም አድርጎ ያዘ፣ እኔም የሱን። ልብ ላለው ሰው ግን ክንዱ የተያዘ ሰው ገንዘብ አያወጣም፣ የያዘውም እጁ ሥራ ላይ ነው። እንዲህ ተናንቀን ብዙ ቆየን። በመጨረሻ አስተናጋጇ ሰለቻት መሰለኝ፣

"ወንድሞቼ፣ ለየብቻ ላድርግላችሁ?"

"ነውር ነው!" አልን፣ ሁለታችንም ባንድ አፍ። ማክሰኞ የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው። በዚያው ድንጋጤ ክንዴን ለቀቀኝ። የተለቀቀ ክንድ ደግሞ ሰበብ የለውም። ከፈልኩ። የማታዋ 45 ብርና የረቡዕ ቁርሴ አብረው ሄዱ።

ሐሙስ ሽሮ ቤት ቀየርኩ። ጥጌን ስፈልግ ተይዟል። አንድ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ ከዳር ዳር ይበላል፤ መሀሉን አልነካውም። በትከሻው አወቅኩት።

"አንተ! ብቻህን?" አልኩ።

ዞር ሳይል ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ "እን..." ሲል እኔ ቧንቧውን ከፍቻለሁ።