እልልታ በጣት

ባለፈው እሑድ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ሄድኩ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ። ሠርጉን ግን አላየሁም። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ስልኩን ከጭንቅላቱ በላይ ሰቅሎ ስለነበር ሙሽሮቹን ያየሁት በእሱ ስክሪን ነው። እሱ ደግሞ ከፊቱ የቆመውን ሰው ስክሪን ነበር የሚቀርፀው። ምስጋና ይድረሰውና፣ በአንድ ምሳ ሦስት ሠርግ ታደምኩ።

ይህን ሁሉን ነገር በስልክ እየቀረፁ በቲክቶክ ላይቭ የማስተላለፍ ልማድ የሚነቅፉ አሉ። እኔ የለሁበትም። ዛሬ የመጣሁት ላመሰግን ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ጀግንነቱ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት። ጥር ላይ ጠዋት ብትወጡ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ። እዚህ አገር ሰው ለሰላምታ እንኳ እጁን ከጋቢው ማውጣት ይከብደዋል፤ በአገጩ ነው ደህና አደርክ የሚልህ። ያው ሰው ዛሬ ስክሪኑ በጓንት አልነካ አለኝ ብሎ ጓንቱን ያወልቃል። ከዚያ ላይቩ ላይክ እንዲያገኝ ጣቱ እስኪደነዝዝ ስክሪኑን ታፕ ታፕ ያደርጋል። ለወዳጁ ሠርግ ይህን ያህል መከራ የተቀበለ ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም።

ድሮማ ታዳሚ ምን ሥራ ነበረው? አውጪ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ያጨበጭባል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ፊትህ ይቆማል። አንተ ግጥም ትሰጠዋለህ፤ "ተቀበል!" ትለዋለህ። ቃልህን እዚያው ዜማ አድርጎ ይመልስልሃል። ደስ ሲልህ ብር ግንባሩ ላይ ትለጥፍለታለህ። ያለ ኔትወርክ፣ ያለ ፓኬጅ። ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው! ደግነቱ ታዳሚን ማሳተፍ የሚባል ነገር ከባሕር ማዶ መጣልንና ዳንን።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። የሙሽራው አጎት ከመንዝ መጥተዋል። ባናቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው። አያታቸው በ1928 ዓ.ም. ማይጨው የዘመቱ ናቸው፤ ይህን ዳሱ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም፣ ምክንያቱም ጋሼ ሁልጊዜ ይነግሩናል። ምሳው እንዳበቃ ብድግ አሉና "ዘራፍ!" አሉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

"ኧረ ቆይ! ቆይ!" አለ የላይቩ ልጅ። "እልል አትበሉ፣ ማይኩን ይረብሻል። እልል ማለት የፈለገ ስክሪኑን ታፕ ታፕ ያድርግ።"

ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ጋሼም ዱላቸው አየር ላይ ቀረ። እንደገና ጀመሩ። "ዘራፍ!" ኔትወርክ ሄደ። ሦስተኛ ጀመሩ። "ጋሼ፣ ሲንጎራደዱ ከፍሬም ይወጣሉ፤ እዚችው ምንጣፏ ላይ ይሁኑልኝ።" ምንጣፏ የሁለት ሰው መቀመጫ ታህላለች። በሁለት ሰው መቀመጫ ላይ ፎክሮ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። አራተኛ ላይ ልጁ ጮኸ፦ "ጋሼ፣ ባትል ገባን!"

ባትል ማለት፣ ለማታውቁ፣ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈልና ሌላ ሰው ከጎንህ ይገባል። አምስት ደቂቃ ትፋለማላችሁ። ብዙ ጊፍት፣ ማለትም ተመልካች በኮይን ገዝቶ የሚልከው የስክሪን ስጦታ፣ የተወረወረለት ያሸንፋል። የጋሼ ተጋጣሚ የት እንዳለ እግዜር ይወቀው፤ አንድ ወጣት ነው፣ ምንም አይናገርም፣ ዝም ብሎ ጥሬ ሥጋ ይበላል። በዚህ በኩል የማይጨው የልጅ ልጅ "አካኪ ዘራፍ!" ይላሉ። በዚያ በኩል ያ ልጅ ሥጋውን ሚጥሚጣ ያስነካል። አንድ ሰው ለጋሼ ጽጌረዳ ወረወረ። ጽጌረዳ አንድ ኮይን ነው። ለበላተኛው አንበሳ መጣለት።

አንበሳ 29,999 ኮይን ነው። ልብ በሉልኝ። በጋሼ ዘመን አንበሳ የሚነሳው በፉከራ ውስጥ ነበር፤ ገዳዩ ይፎክርበታል። አሁን አንበሳ ካርድ ያለው ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ የሚወረውረው ነገር ነው። መተግበሪያውም የራሱን ድርሻ ሳይቆርጥ አያልፈውም። የዱሩ አንበሳ ቢያንስ ኮሚሽን አያስከፍልም ነበር።

ጋሼ ተሸነፉ። ልጁ ቅጣታቸውን አነበበ፦ "ጋሼ፣ ተመልካች ፑሽ አፕ ብሏል። አሥር።"

እኚህ ሰው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ባናቸውን ሰብስበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ወደ አረቄው ጠረጴዛ ሄዱ። ልጁ ለተመልካቹ "ጋሼ ወጥተዋል፣ ግን አትውጡ፣ ሙሽሮቹን አስገባለሁ" አለ። ሙሽሮቹ ሁለቴ ገቡ። የመጀመሪያው መግቢያ ብርሃን አልነበረውም።

በነገራችን ላይ ጥምቀትም በልማዱ ተባርኳል። ዩኔስኮ በዓሉን በ2012 ዓ.ም. ሲመዘግብ ወደ ኋላ የሚሄደውን ምእመን ሳይጠቅስ ቀርቷል፣ ቅር ብሎኛል። ምንጃር ኢራንቡቲ ወርዶ ያየ ያውቀዋል። ታቦት ሲያልፍ ሌላው ይሰግዳል። እሱ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ከታቦቱ ጋር አንድ ላይ ለማስገባት ወደ ኋላ እየተራመደ ሰው ይረግጣል። እግሬ ምስክር ነው።

ይህን ሁሉ እያመሰገንኩ እቀጥል ነበር። ያለፈው ወር ለቅሶ ትዝ ባይለኝ። ልጇ የሞተባት እናት መሬት ላይ ትንከባለላለች። አንዱ ከእግሯ ሥር በርከክ ብሎ ስልኩን ፊቷ ላይ ደቅኗል። ነጠላዋ ወድቋል፤ አያነሳላትም። ውኃ የሚሰጣት ፈልጋ ዓይኗን ስትገልጥ ያገኘችው መብራቱን ነው። አታሹፉ! ይሄ ተሳትፎ አይደለም፤ ነውር ነው። ሰው ሲያለቅስ ወይ አብረህ ታለቅሳለህ፣ ወይ ትደግፈዋለህ፣ ወይ ዞር ትላለህ። አራተኛ ነገር አባቶቻችን አላስተማሩንም።

እሺ። ተረጋጋሁ።

ለሚዛኑ ያህል፣ የሙሽራው እህት ቤይሩት ናት። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ስልኳን ከስኳሩ ጣሳ ጋር አስደግፋ፣ ሳህን እያጠበች ነው ሠርጉን ያየችው። ስልኩ የተሠራው ለእሷ ዓይነቷ ነው ቢባል እስማማለሁ። ማታ ደውላ ስትነግረን ግን "ካሜራውን ወደ እማዬ አዙሩልኝ" ብላ አምስት ጊዜ ጽፋለች። ልጁ አላነበበውም። ጊፍት ስላልወረወረች ጽሑፏ ሽቅብ ነጎደ። እናትየው ደግሞ በዚያ ሰዓት ከካሜራው ጀርባ ነበሩ፤ "ሴትዮ፣ ጥላሽ እየገባ ነው፣ ዞር በይ" ተብለው።

ሊመሽ ሲል ጋሼ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሦስተኛዋን መለኪያ እየጨረሱ ነበር። ብርዱ ጀምሯል። ድንኳኑ ውስጥ የሚታየው ከፊት በታች የበራ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ዱላቸውን መሬት መታ መታ አደረጉና፣ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ፦

ዘራፍ ብል ብጣራ ሰው ከየት ይምጣልኝ፤
እጁን ስልክ ይዞበት ማንስ ያጨብጭብልኝ።

አጨበጨብኩ። ብቻዬን ስለነበርኩ ቀፈፈኝ፤ ግን አጨበጨብኩ። ከጀርባችን አንድ መብራት ቦግ አለ።

"ውይ ጋሼ፣ ይቺማ አሪፍ ናት!" አለ የላይቩ ልጅ። "ባትሪ እየቀየርኩ አመለጠችኝ። ከመጀመሪያው አንዴ ይበሏት እስቲ።"