ልጄን ከትምህርት ቤት ሳወጣ መጀመሪያ የገዛሁት ክላሰር ነው

«ልጅቷን ከትምህርት ቤት አስቀረሻት አሉ! እውነት ነው?»

እናቴ ናት፣ ከአዲስ አበባ። የወትሮው የሰላምታ መዓት ሳይቀድም በቀጥታ ወደ ነገሩ ገባች። «እኔ አንቺን ለማስተማር ሰው ቤት እንጀራ ጋግሬ…» ስትል ዝም አልኩ። ለዚህ መልስ የለኝም። አስቀርቻታለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመች ዓመት አልፏታል። ቤታችን ውስጥም ሰሌዳ አልተሰቀለም፣ ደወል አይደወልም፣ ተገዝቶ የተቀመጠ የዓመት ፕሮግራምም የለም። የምትማረውን በአብዛኛው የምትመርጠው ራሷ ናት።

አሜሪካኖቹ ይህን አንስኩሊንግ ይሉታል። ቃሉን በ1970ዎቹ ያስለመደው ጆን ሆልት የሚባል መምህር ነው። ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሲያስተምር የታዘበው ነገር ልጆች አእምሯቸውን የሚያሠሩት ለማወቅ ሳይሆን መምህሩን ለማስደሰትና እንዳይሳሳቱ በመፍራት መሆኑን ነበር። ሆምስኩሊንግ ትምህርት ቤቱን ወደ ቤት ያመጣል፤ አንስኩሊንግ የልጁን ጥያቄ ይከተላል። በሕግ ፊት ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

እኛ ሐበሾች ይህን ስናነሳ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይም ይሁን በቴሌግራም፣ ሁለት ወገን ነን። አንዱ «ልጅሽን ይወስዱብሻል!» ብሎ ያስደነግጣል። ሌላው «አሜሪካ ነጻ አገር ነው፣ ማን ይጠይቅሻል?» ይላል። የመጀመሪያው ሕጉን አላነበበም። ሁለተኛውም አላነበበም፣ ግን እሱ የባሰ ነው፤ ምክሩን የሰማች እናት ልጇን ሰኞ ዕለት አስቀርታ፣ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ይደወልላታል፣ ከዚያ ከትምህርት የተቀረባቸው ቀናት መዝገብ ይከተላል። እንግሊዝኛችን በአክሰንት የሆነ፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያላለቀልን ሰዎች ወረቀታችንን ከጎረቤታችን አብልጠን ማጥራት አለብን ባይ ነኝ።

የምኖረው ሜሪላንድ ግዛት ነው። እዚህ ሕጉ እንዲህ ይሠራል፦ ቤት ማስተማር ከመጀመርሽ ቢያንስ 15 ቀን ቀድመሽ ለካውንቲው፣ ማለት ለአካባቢሽ የትምህርት አስተዳደር፣ የማሳወቂያ ቅጽ ፈርመሽ ታስገቢያለሽ። እነዚያን ቀናት ልጁ ትምህርት ቤት ይሂድ። ከወላጅ ዲፕሎማ አይጠየቅም፣ ልጁም ፈተና እንዲወስድ አይገደድም። የሚጠየቀው ስምንት ትምህርቶችን ሳያቆራርጡና በተሟላ መልኩ ማስተማር ነው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ የኅብረተሰብ ትምህርት፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤና እና የሰውነት ማጎልመሻ። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ፖርትፎሊዮ፣ ማለት የልጁ ሥራዎች ስብስብ፣ ይዘጋጃል፤ የካውንቲው ሰው በዓመት ቢበዛ ሦስት ጊዜ ያየዋል። ካውንቲው ከዚህ ደንብ ውጭ የራሱን ተጨማሪ ግዴታ መደርደር አይችልም። ካውንቲው እንዲያየኝ አልፈልግም ያለ ደግሞ በአንዳንድ የግል ወይም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ጥላ ሥር ይመዘገባል።

እንግዲህ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ በምን ቅደም ተከተል የሚል ነገር ደንቡ ውስጥ አጣሁ። አንስኩሊንግ የሚገባባት በር ይህች ናት። ሥራው ልጁ የኖረውን ቀን ወደ ስምንቱ ስሞች መተርጎም ነው። ክላሰሩን የገዛሁት ለዚህ ነው፤ ስምንት ባለ ቀለም መለያ ያለው፣ ትልቁን።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አብራን የምትኖረው አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ትጋግራለች። በጥር ሊጡ አልፈላ ብሎ ስታጉረመርም ልጄ «በጋ ላይ ቶሎ ይፈላ አልነበር?» ብላ ጠየቀች። አክስቴም «ሊጥ እንደ ሰው ነው፣ ብርድ አይወድም» አለቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልጅቷ ግን አልተመለሰችም። ከአንዱ ቡኮ ሦስት ማሰሮ ሞላች፤ አንዱን ማሞቂያው አጠገብ፣ አንዱን ወጥ ቤት፣ አንዱን ቤዝመንት አኖረች። የሊጡን ከፍታ በማርከር እያሰመረች፣ ቴርሞሜትር እያነበበች፣ ጠዋትና ማታ መዘገበች። አንዱ መስመር በራሷ የተንጋደደ ጽሕፈት «ቤዝመንት፣ 58 ዲግሪ፣ አረፋ የለም፣ ይሸታል ግን ትንሽ» ይላል (ዲግሪው በፋረንሃይት ነው)። ቀጥሎ ከላይብረሪ ስለ እርሾና ባክቴሪያ ሁለት መጽሐፍ አመጣች።

እኔ ያደረግኩት ያን ወረቀት ቀን ጽፌበት፣ በስቼ ክላሰሩ ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። ሳይንስ፦ ሙቀት በመፍላት ላይ ያለው ተጽዕኖ። ሒሳብ፦ መለካትና ግራፍ። እንግሊዝኛ፦ የተነበቡ መጻሕፍት፣ አንድ ገጽ ጽሑፍ። ውሸት የለበትም። ውሸት የሚሆነው ካሮት በላች ብለሽ «ጤና» ላይ ስትጽፊ ነው። እንዲህ ያለውን አይቻለሁ፣ የሚያዩት ሰዎችም ሞኞች አይደሉም።

ታዲያ ሁሉም እንዲህ አማረልኝ ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው ግምገማ ላይ የሒሳብ መለያው ሥር የነበሩት ሁለት ወረቀቶች ነበሩ። ሁለት! ልጄ ማካፈል ስለማትወድ ለሁለት ወር ዞር ብላም አላየችው፣ እኔም «ጥያቄው ሲመጣ ይመጣል» እያልኩ ተኛሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰን። በደንቡ መሠረት ጉድለቱ እየተስተካከለ መሆኑን ለማሳየት 30 ቀን ይሰጣል፤ ካልሆነ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል። ሁለት ቀን ተናድጄ ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን የካውንቲው ገምጋሚ ሴትዮ ልክ መሆኗ ገባኝ፤ እኔ ነፃነት ያልኩት ስንፍናዬን ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከዕቁቤ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ነን፣ በየሁለት ሳምንቱ 300 ዶላር እንጥላለን። ልጄን የዕቁብ ጸሐፊ አደረግኳት። አንዱ ስንት ይወስዳል፣ ዙሩ ስንት ሳምንት ይፈጃል፣ ሁለት ሰው ዕጣ ቢጋራ ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሳል፣ አንድ ሰው ቢያቋርጥስ? 3,600ን እየከፋፈለች ገጽ ሞላች። ከዚያም «የመጀመሪያው ሰውና የመጨረሻው እኩል ነው የወሰዱት እንዴ?» ብላ እኔ ራሴ አስቤበት የማላውቀውን ጠየቀችኝ። ከዚያ ውጭ የክፍልፋይ መልመጃ መጽሐፍም ገዛሁላት፣ እያጉረመረመች ሠራችው። የአንስኩሊንግ አጥባቂዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን እንደሚያዞሩብኝ አውቃለሁ። ያዙሩ።

ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያሉት የቨርጂንያ ወገኖቼ ሌላ ሕግ አለባቸው። እስከ ኦገስት 15 ያሳውቃሉ፤ ወላጅ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ቢኖረው ነገሩ ይቀላል፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ እስከ ኦገስት 1 የልጁን መሻሻል ያሳያሉ። አንዱ መንገድ ውጤቱ ከአገሪቱ ተማሪዎች ጋር የሚነጻጸር ፈተና ወስዶ፣ ውጤቱ ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ እርከኖች አራተኛውና ከዚያ በላይ መግባት ነው። ሌላው መንገድ የግምገማ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ፈቃድ ያለው መምህር ወይም በአካዳሚክ ሙያ ማስተርስና ከዚያ በላይ ያለው፣ የልጁን የትምህርት ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ይጽፈዋል። ማስተርሱን ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀምጦ ኡበር የሚነዳውን ወገን ስንት ታውቃላችሁ? ለአንስኩሊንግ ልጅ ከፈተናው ይልቅ ይህ ደብዳቤ ይሻላል እላለሁ፤ ፈተናው የሚጠይቀው ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት ያስተማረውን ነው።

ፍራንክፈርት ያለች የአጎቴ ልጅ «እኔም ልጀምር» ብላ ጽፋልኝ ነበር። አይሆንም አልኳት። ጀርመን ልጅ ትምህርት ቤት በአካል እንዲገኝ ታስገድዳለች፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን የተቃወሙ ወላጆችን አቤቱታ አልተቀበለም። ስዊድንም ብትሆን በጣም ልዩ ምክንያት ካልሆነ አትፈቅድም።

አንዳንዱ ደግሞ «የቆሎ ተማሪ እኮ የእኛው አንስኩሊንግ ነበር» ይለኛል። በከፊል። የቅኔ ተማሪ መምህሩን መርጦ አገር አቋርጦ ይሄዳል፣ የሚያልፈውም በዕድሜው ሳይሆን በችሎታው ነው። ግን ፊደሉን የቆጠረው በአለንጋ ሥር ነውና ብዙ ባናስጌጠው።

እኛ ቤት የተቻለው እኔ ማታ፣ ባለቤቴ ቀን ስለምንሠራና አክስቴ ስላለች ነው። ሁለት ሥራ ይዛ ብቻዋን የምታሳድግ እናት ልጇን ከታብሌት ጋር ዘግታ ብትሄድ ያ አንስኩሊንግ አይደለም፤ እሷን ትምህርት ቤቱ ይሻላታል፣ ማፈርም የለባትም።

በሚቀጥለው ግምገማ ሴትየዋ ዕቁቡ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ማን ነው ቀድሞ የሚወስደው?» ብላ ልጄን ጠየቀቻት፣ ልጄም ወረቀት ቆራርጣ ዕጣ አወጣችላት።

እናቴ ገና አልታረቀችኝም። ባለፈው እሑድ ግን ልጄ ስልኩን ተቀብላ የሦስቱን ማሰሮ ውጤት በሰባራ አማርኛዋ አነበበችላት። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማች። «ሁሉንም እኩል እርሾ ነው ያደረግሽባቸው?» አለች። «አዎ።» «ለብርዱማ እርሾው ይበዛል፣ ውኃውም ለብ ይላል። አብሲቱንስ ደህና አድርጋችሁ አበሰላችሁት?» ልጄ ብዕር ፍለጋ ሮጠች። የተጻፈውን ወረቀት ማታ ቀን ጽፌበት በሳሁት።