ለክሊፕና ለድራማ ሠሪዎቻችን፣ ከምስጋና ጋር

ክሊፕና ድራማ ሠሪዎቻችን ሽልማት ይገባቸዋል። የአፍላ ልጃገረድን ነገር እንደ እነሱ የሚያውቅ የለም፤ የወለደቻት እናት እንኳ።

ክሊፑን እዩት። ልጅቷ ምንጭ ወርዳለች። እንስራዋ ባዶ መሆኑ ከአረማመዷ ያስታውቃል። ላብ የሚባል ነገር አያውቃትም፤ ሹሩባዋም ገና ትናንት የተሠራ ነው። ቢጫ ጀሪካን እዚያ አገር አልደረሰም። ደግ አደረገ፤ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፣ ያን አዝላ እንዴት ትሽኮርመም? ዘፋኙ ጎልማሳ ከዛፍ ሥር ብቅ ብሎ ከጥርሷ እስከ ተረከዟ ያደንቃታል፤ ካላገባኋት እሞታለሁ ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የለም ማለቱን ግጥሙ ቢዘልለው አይፈረድበትም። ቤት አይመታም።

ድራማው ደግሞ ይብስ። እዚያ ያሉት ሁለት ዓይነት ልጆች ናቸው። አንዷ አንገቷን ደፍታ ቡና ታቀርባለች። ሌላዋ የሀብታም ልጅ ናት፤ ማስቲካ እያላመጠች ሠራተኛዋ ላይ ትጮኻለች። (ሁለቱንም የምትጫወተው ተዋናይት ሠላሳን እየተጠጋች ነው፤ ዩኒፎርሙ ግን አያሳጣትም።) ደብተር ያቅፋሉ። ደብተሩ ሲገለጥ አይተን አናውቅም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ተብሎ አገር ሲንጫጫ፣ ድራማዎቻችን ንቅንቅ አላሉም። እነሱ ዘንድ ልጅ በፈተና አትወድቅም፤ ታረግዛለች እንጂ።

ምርመራውም ቀላል ነው። አፏን ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ከሮጠች አለቀ። አሜባና ጃርዲያ ቤተኛ በሆኑበት አገር፣ ስክሪን ላይ ሆዷን የታመመች ልጅ የለችም። የወር አበባም ቢሆን መኖሩ የሚሰማው ሲቀር ነው። የሞዴስ መግዣ አጥታ ከትምህርት ቤት የምትቀረዋ ልጅ ለድራማ አትሆንም፤ ከማን ጋር ታፋቅራታለህ?

አሥረኛ ክፍል የሆነች የአክስቴ ልጅ ፊዚክሷን እየሠራች አብራን ታያለች። ባለፈው ያቺ ልጅ ጠረጴዛ ላይ እጇን ወደ አፏ ስትወስድ፣ ቀና እንኳን ሳትል «በቃ፣ አረገዘች» አለችን። ከዚያ ካልኩሌተሩን አቀብለኝ አለች።