እርማት፦ ዋን ዳይሬክሽን ኤክስ ፋክተርን አላሸነፈም

«ዋን ዳይሬክሽን የታወቀው የእንግሊዙን ኤክስ ፋክተር አሸንፎ ነው» የሚለው አባባል በየቦታው እየተደጋገመ ስለሆነ በትህትና ላርመው። አምስት ወንዶች ልጆች ያሉት ይህ የፖፕ ሙዚቃ ቡድን በዚህ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሦስተኛ ነው። ያሸነፈው ማት ካርድል ሲሆን ሬቤካ ፈርጉሰን ሁለተኛ ሆናለች። እንዲያውም አምስቱ ልጆች ለውድድሩ የቀረቡት ለየብቻቸው ነበር፤ በቡድን የተዋቀሩት እዚያው ውድድሩ ላይ ነው።

ማጣራት ለሚፈልግ ቀላል መንገድ አለ። በዚያን ጊዜ የአሸናፊው ነጠላ ዜማ ፍጻሜው እንዳለቀ ወዲያው ለሽያጭ ይቀርብ ነበር። የእንግሊዝን ይፋዊ የሙዚቃ ሰንጠረዥ ከፍታችሁ የ2010ን የፈረንጆች ገና ሳምንት ተመልከቱ፤ አንደኛ ላይ የምታገኙት ማት ካርድልን ነው። የዋን ዳይሬክሽን የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ የወጣው ግን ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2011 ነው። እሱም በቀጥታ አንደኛ ገባ፤ ሦስተኛ መውጣታቸው አላገዳቸውም።

ስህተቱ ትንሽ ቢመስልም የሌሎችን ታሪክ ይወስዳል። የእንግሊዙን ኤክስ ፋክተር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ቡድን ሊትል ሚክስ ነው፣ በ2011። ዋን ዳይሬክሽን ከዓመት በፊት አሸንፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ክብር የአራቱ ሴቶች ባልሆነ ነበር።