በረሃ በአርባ ዶላር

ነገሩን የጀመረው ሁሉን አዋቂው ባልንጀራዬ ነው። የቬጋስ ኤርፖርት የታክሲ ሹፌሮች ወረፋ ላይ ቆመን ሳለ እንደ ልማዱ ከመኪናው ወርዶ መስኮቴን አንኳኳና «ለሁለት ሳምንት አርባ ዶላር ብቻ ከፍለህ የምትኖርበት ቦታ እንዳለ ታውቃለህ?» አለኝ። አውቃለሁ፤ ጥዬው የመጣሁት አገር ነው ልለው ነበር።

እሱ የሚለው ግን ኳርትሳይትን ነው። አሪዞና በረሃ ውስጥ፣ የ10 ቁጥር ሀይዌይና የ95 መንገድ የሚገናኙበት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከቬጋስ ወደ ደቡብ አራት ሰዓት ያህል ታስነዳለች። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ 2,500 የማይሞሉት ነዋሪዎቿ ብቻ ናቸው የሚቀሩላት። ብርዱ ሲገባ ግን ከሚኒሶታ፣ ከዳኮታ፣ ከካናዳ ድረስ ጡረተኛ ሁሉ ቤቱን ጎማ ላይ ጭኖ ይጎርፋል። አሜሪካኖች «የበረዶ ወፎች» ይሏቸዋል። መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ላ ፖሳ የሚባል 11,400 ኤከር ሜዳ ተከልሎላቸዋል፤ እኛ በሄድንበት ጊዜ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15፣ ሰባት ወር ሙሉ፣ ዋጋው 180 ዶላር ነበር። ለ14 ቀን ከሆነ 40። ከክልሉ ወጣ ብሎ ደግሞ ለ14 ቀን በነፃ መስፈር ይቻላል፤ ውሃና የቆሻሻ መድፊያ ግን የለም።

ባልንጀራዬ ይህን ሁሉ ያወቀው ሄዶ አይደለም። እሱ የትም ሄዶ አያውቅም።

ቤት ገብቼ ሳወራ ባለቤቴ ወዲያው ተቀበለችኝ። ልጆቹ ተፈጥሮ ይዩ፤ እናቷም ከደሴ ከመጡ ሦስት ወራቸው ነው፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከኮስትኮ በቀር ያዩት አሜሪካ የለም። የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ሰኞ ስለሚውል ቅዳሜ ሄደን ሰኞ እንመለሳለን ተባለና አርቪ፣ መኝታና ማድቤት ያለው የመኪና ቤት፣ ተከራየሁ።

አርባ ዶላሩ እውነት ነው፤ ባልንጀራዬ አልዋሸኝም። ያልነገረኝ የቀረውን ነው። አርቪው በቀን 160 ዶላር ይከራያል። ኢንሹራንሱ ለብቻው። ከተፈቀደው ማይል በላይ ከነዱ በማይል ይቆጠራል፣ ጄኔሬተሩን ካስነሱ በሰዓት ይቆጠራል። በአንድ ጋሎን ቤንዚን ከአሥር ማይል አያልፍም፤ ዳገት ያየ ዕለት ደግሞ እሱም ይቀራል። ማደያ ቆሜ ቁጥሩ ሲሮጥ ሳይ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተሳፋሪዎቼ የኔን ሜትር እያዩ ምን ይሰማቸው እንደነበር ገባኝ። ለካ በርካሽ የሚኖረው አርቪው የራሱ የሆነ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር የዘረጋ፣ አንድ ቦታ ቆሞ አምስት ወር የማይነቃነቅ ሰው ነው። ርካሽነቱ ያለው አለመንቀሳቀሱ ላይ ነው። ለዚያ ደግሞ ጡረታ ያስፈልጋል፤ እኔ ያለኝ ሰኞን ጨምሮ ሦስት ቀን ነው።

ምግቡንም ልንገራችሁ። ለሁለት ሌሊት የሚወጣ አሜሪካዊ አንድ ፓኬት ሆት ዶግ ይይዛል። ባለቤቴ ሠላሳ እንጀራ፣ የጥብስ ሥጋ በሁለት ማቀዝቀዣ፣ የዶሮ ወጥ በድስቱ፣ ከሰል፣ ረከቦት ከነስኒው ጫነች። አማቴ በበኩላቸው ሁለት ድፎ ዳቦ ጋገሩ። «መንገድ ነው፤ ሰው ይገጥማል» አሉ።

በመንገዳችን ሃቫሱ ሐይቅ ላይ የለንደን ድልድይን አየን። ቀልድ አይደለም፤ እውነተኛው ድልድይ ነው። አንድ ባለሀብት በ1968 በ2.46 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ ድንጋዩን ቁጥር እየሰጠ በመርከብ አስመጣና በረሃ ላይ ተከለው። ድልድዩን መጀመሪያ ደረቅ መሬት ላይ ገጥመው ሲያበቁ ነው ከሥሩ ቦይ ቆፍረው ውሃ ያስገቡለት። ይህን ለአማቴ ስተረጉምላቸው ምንም አልደነቃቸውም። «እኛስ ቱቦ የምንቀብረው አስፋልቱ ካለቀ በኋላ አይደል?» ብለው ፎቶ ተነሡ።

ላ ፖሳ ስንደርስ ጀምበሯ ልትጠልቅ ነበር። ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሜዳው ላይ ጎማ ያለው ቤት፣ ድንኳን፣ ሸራ፣ ጭስ። አንድ ሽማግሌ ቁምጣ ለብሶ በሁለት እጁ ጀሪካን ይዞ ያዘግማል። አንዲት አሮጊት ፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ካልሲ ታጥባለች። አማቴ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና በቀስታ አማተቡ።

«ምን ደረሰባቸው?»

«እነማን፣ እማማ?»

«እነዚህ ሰዎች። ከየት ነው የተፈናቀሉት?»

በ77 ደሴ ዙሪያ ያዩትን አይረሱም፤ ሜዳ ሙሉ ሰው ከነዕቃው ሲያዩ ሌላ ትርጉም አይመጣላቸውም። ስለ በረዶው፣ ስለ ሚኒሶታ፣ ስለ ጡረታ አስረዳሁ።

«ቤት እያላቸው?»

«አዎ።»

«ውሃና መብራት ያለው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እሱን ትተው መጡ?»

«አንዳንዶቹ እንዲያውም ሸጠውት ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጅ የላቸውም?» አሉ። እኔ የተዘጋጀሁት ስለ በረዶው ነበር። ስደናገር አይተው ወሬውን ወደ መሬቱ አዞሩልኝ፤ ካሬው በስንት ነው? አርባ ዶላር ከፍሎ የፈለጉትን ያህል ተዘርግቶ መስፈር መሆኑን ነገርኳቸው። ወደ ባለቤቴ ዞር ብለው «ይህን ለወንድምሽ እንዳትነግሪው» አሉ። ወንድሟ ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገበ ሃያ ዓመት አልፎታል።

አርቪ ሦስት ታንከር አለው። አንዱ የንጹህ ውሃ ነው፤ የኛው 150 ሊትር ይይዛል። ሁለተኛው የእጣቢ ነው። ሦስተኛው፣ ጥቁሩ የሚባለው፣ ማዕድ ላይ ስሙ አይነሳም። የዚህ አኗኗር ጥበቡ የመጀመሪያው ቶሎ እንዳያልቅ፣ የመጨረሻው ቶሎ እንዳይሞላ ማድረግ ነው። ሌሊቱን ሁሉ ቪዲዮ ስመለከት ከርሜ ነበር፤ ሻወር ሲወስዱ ሳሙና እስኪቀቡ ውሃውን መዝጋት፣ ሰሃን ከመታጠቡ በፊት መጥረግ፣ ወዘተ። አማቴ ቪዲዮ አላስፈለጋቸውም። ሰፈራቸው ውሃ በፈረቃ ነው። የአምስት ሰው ሰሃን በግማሽ ጆግ አጥበው፣ በዚያው ውሃ ማንኪያውን አለቅልቀው፣ እሱኑ ቁጥቋጦ ሥር ሊደፉ ሲሉ ነው ያስቆምኳቸው፤ እጣቢ መሬት ላይ መድፋት ክልክል ነው። «ለተጠማ ዛፍ ውሃ መስጠት ክልክል?» ብለው አዩኝ። ዲግሪ ያለው አሜሪካዊ ኮርስ ወስዶ የሚማረውን ሙያ እሳቸው ተወልደውበት ነበር፤ የሚያስከፍል ነገር መሆኑን ግን ያን ቀን ነው የሰሙት።

እሁድ ጠዋት ስነሣ አማቴ የሉም። አንዱ ድፎ ዳቦም የለም። ወጥቼ ስፈልጋቸው በቢላ እየቆረሱ፣ በናፕኪን እየጠቀለሉ ሰባተኛው አርቪ በር ላይ ደርሰዋል። ማስረዳቴ ከንቱ ነበር፤ ለሳቸው ተፈናቃይ ተፈናቃይ ነው። የሚገርመው አንድም ሰው እምቢ አላላቸውም። አንዱ አዛውንት እንዲያውም ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው፤ ይህም ግምታቸውን ይበልጥ አጸናላቸው።

እኩለ ቀን ላይ ሁለት መኪና አቧራውን እያስነሣ መጣ። ባልንጀራዬ ነው፤ ከነቤተሰቡ፣ ከነባጃናው ቤተሰብ፣ ዘጠኝ ነፍስ። «እግረ መንገዳችንን ብቅ ብለን ነው» አለ። አራት ሰዓት የተነዳበት እግረ መንገድ! የት ልታድሩ ነው ስለው «ስድስት ሰው ያስተኛል አላልክም?» አለኝ። እኛው አምስት ነን። ደግነቱ አንድ ቦታ ተርፎ ነበር።

እዚያ በረሃ ያለው ሰው አሠፋፈሩ ደንብ አለው፤ ቦታው ሰፊ ስለሆነ ከጎረቤቱ ርቆ፣ በሩን ወደ ተራራው አዙሮ፣ ወንበር አውጥቶ ዝም ይላል። የመጣው ለዝምታው ነው። እኛ አርቪውንና ሁለቱን መኪና ፊት ለፊት ገትረን መሀሉን ግቢ አደረግነው። ጥብሱ ተጠበሰ፣ ስፒከሩ ተከፈተ፣ ልጆቹ የሰው ውሻ አባረሩ። ከሌሊቱ አራት ሰዓት፣ በነሱ አቆጣጠር አሥር ላይ፣ ድምፅ መቀነስ ግዴታ ነው። እኛ ያኔ ገና እስክስታው ላይ ነበርን። ቦታውን በበጎ ፈቃድ የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ባትሪውን እያበራ መጣና በትሕትና ሰዓቱን አሳየን። ሲመለስ በእጁ የታጠፈ እንጀራና ጥብስ ይዞ ነበር። ሌሊቱን አሥራ አራት ሰው እንዴት እንዳደረ አልተርክም። ጃንዋሪ ውስጥ የበረሃው ሌሊት እስከ አምስት ዲግሪ ይወርዳል፤ እኛ ግን ላብ አጠመቀን።

ሰኞ ጠዋት አማቴ ቡና ሊቆሉ ውስጥ ጀመሩ። የጭሱ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፣ ሁሉም ተነሣ፤ ምጣዱን ይዘው ወጡና እንጨት ላይ ቆሉት። የቡናው ሽታ ነፋሱን ይዞ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ነጭ ፀጉር ሴት ከነውሻዋ መጣች፤ ካልሲ ስታጥብ ያየናት ናት። ትላንት ዳቦ ደርሷታል። የተዘጋ መዳፏን ከፈተችና አማቴ እጅ ላይ አንድ ጡጫ የሚያህል፣ ነጭና ወይን ጠጅ መስመር ያለው ድንጋይ አኖረች። ኳርትሳይት በዚህ ወቅት የድንጋይና የማዕድን ገበያዋ የደራ ነው፤ ሰዉ ቀኑን በረሃው ላይ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲለቅም ይውላል፣ እዚያ ድንጋይ መስጠት ትልቅ ስጦታ ነው። አማቴ ድንጋዩን አገላብጠው ካዩ በኋላ በአማርኛ እንዲህ አሉኝ፦ «ወንጌሉ፣ ልጁ እንጀራ ቢለምነው ድንጋይ የሚሰጠው ማን ነው ይላል። እነሆ አገኘናት።»

«ምን አሉ?» አለች ሴትዮዋ።

«እጅግ አመሰግናለሁ አሉ» አልኩ።

አቦሉን ጠጣች፣ ቶናውንም ጠጣች። አማቴ በኔ አስተርጓሚነት ምርመራውን ጀመሩ። መምህርት ነበረች፤ ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ልጆች አሏት፣ ሦስቱም በተለያየ ስቴት። የልጅ ልጆቿን በስልክ በቪዲዮ ታያቸዋለች። አማቴ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ። «እኔም እንደዚሁ ነኝ በላት» አሉ። «አንዷ እዚህ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዱባይ። በላት እንጂ።» አልኳት። ባለቤቴ እጣኑ ላይ ተጎንብሳ ቀና አላለችም። ሴትዮዋ በረካውንም ጠጥታ ሄደች።

ከመመለሳችን በፊት የከተማዋን መቃብር ቦታ አሳየኋቸው። ከድንጋይ የተሠራ ፒራሚድ አለ፣ ጫፉ ላይ ግመል የቆመበት። ሥሩ ያረፈው ሐጂ አሊ የሚባል ግመል ነጂ ነው፤ ስሙ አልያዝላቸው ያለ አሜሪካኖች «ሃይ ጆሊ» ያሉት። በ1850ዎቹ የአሜሪካ ጦር በዚህ በረሃ ዕቃ እንዲያጓጉዙ ሰባ ያህል ግመል ከባሕር ማዶ ሲያስመጣ አብሮ የመጣ ነው። ፈረሱና በቅሎው ከግመሉ እየደነበረ አስቸገረ፣ የርስ በርስ ጦርነቱም ተነሣ፣ ነገሩ ቀረ፤ ግመሎቹ ተሸጡ፣ የቀሩት በረሃ ላይ ተለቀቁ። ሐጂ አሊ ግን እዚሁ ቀርቶ በ1902 ሞተ። አማቴ የባቲን ሰኞ ገበያ እያዩ ያደጉ ናቸው። ግመሉን ቀና ብለው አይተው «ሰኞ ሰኞ ስንቱን አሳልፈናል፤ አንዱን እንኳ ስሙን ጠይቀነው አናውቅም» አሉ።

የቀረው ሦስተኛው ታንከር ነበር። ለሁለት ሌሊት የአምስት ሰው ታስቦ የአሥራ አራት ሰው ያስተናገደው። መድፊያው ቦታ ላይ ከኋላችን ስምንት አርቪ ተሰልፏል። ባልንጀራዬ ሃያ ሜትር ርቆ ቆሞ «መጀመሪያ ጥቁሩን ልቀቅ፣ ከዚያ እጣቢው ቱቦውን ያጥብልሃል!» እያለ ያዛል። ትክክል ነበር። ቱቦው ጫፉ ላይ መቆለፍ እንዳለበት ግን አልተናገረም። ከዚያ የሆነውን አልተርክም፤ ጫማዬ እዚያው አሪዞና ቀርቷል።

መጋቢት ላይ አማቴ ወደ አገር ሊመለሱ ሻንጣቸውን ስመዝነው 25 ኪሎ ሆነ፤ የሚፈቀደው 23 ነው። ስከፍተው ያ ድንጋይ በነጠላ ተጠቅልሎ መሀል ላይ ተቀምጧል።

«እማማ፣ ይህን እንተወው፤ ደሴ ድንጋይ ሞልቶ የለ?»

ከእጄ ነጥቀው ወደ ቦታው መለሱት። ከዚያ ለልጃቸው የገዛንለትን የስፖርት ጫማ ከነካርቶኑ አወጡና እግሬ ሥር አስቀመጡት።

«በል አድርገው፤ እግራችሁ እኩል ነው። ያንተ በረሃ ቀርቶ የለ?»