ዋጋውን ለማወቅ ስንት ዴሞ እንይ?

ለምሠራበት አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት የሚሆን የሒሳብና የንብረት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ለመምረጥ ቅድመ መረጃ ማሰባሰብ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሞላኝ። ግዢውም ድርድሩም ገና ነው። ማን ምን እንደሚሸጥ፣ በስንት እንደሚሸጥና የእኛን ሥራ ይችል እንደሆነ ለማወቅ ብቻ የሻጭ ደጅ እየጠናሁ ነው።

ለአቅራቢዎቹ የላክሁት ጥያቄ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ለይቶ ያወጣል? የጡረታ መዋጮውን ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ አድርጎ ያሰላል? የበጀት ዓመቱን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይይዛል? ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ያጠቃልላል ወይስ ራሱን እንደቻለ ወር ቆጥሮ ደመወዝ ያሰላበታል? ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የያዝነው የብዙ ዓመት ሒሳብ ይሸጋገራል ወይ፣ የማሸጋገሩስ ሥራ በዋጋው ውስጥ አለ? ውል ብናቋርጥ መረጃችንን በምን መልክ እንረከባለን?

ለዚህ ሁሉ የደረሰኝ ባለቀለም ብሮሹርና «ሁሉንም ይሠራል» የሚል የስልክ ምላሽ ነው። ስለ ጳጉሜ «እሱን እናስተካክላለን» ያለኝ አንድ ሻጭ፣ ነገሩ ዛሬ በሶፍትዌሩ ውስጥ እንደሌለና ማስተካከያውም ለብቻው እንደሚያስከፍል የነገረኝ ለሦስተኛ ጊዜ ስደውልለት ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ቢነግረኝ አልቀየመውም ነበር፤ አለመኖሩን አውቄ በጀት እይዝለት ነበርና።

ዋጋ ሲጠየቅ ደግሞ «መጀመሪያ ዴሞ ይመልከቱ» ይባላል፤ ሶፍትዌሩ ሲሠራ የሚያሳዩበት ማሳያ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ተቀምጠን አየን፤ ዋጋው አሁንም አልመጣም። ዘግይቶ ሲመጣ አንዱ በተጠቃሚ ቁጥር፣ ሌላው ሥልጠናን ሳይጨምር በጥቅል፣ ሦስተኛው በዶላር ያቀርባል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚከፈል ያልተጻፈበት የዶላር ዋጋ ለእኛ ዋጋ አይደለም።

የግዢ ክፍላችን በበኩሉ ሦስት ፕሮፎርማ አቅርቢ ይለኛል። ለፎቶ ኮፒ ወረቀት ይህ ይበቃል፤ አንድ ደስታ ወረቀት ከየትም ቢገዛ ያው ወረቀት ነው። እዚህ ግን አንዱ ሥልጠናና የአንድ ዓመት ድጋፍ ያካተተበትን ሌላው ባዶውን አቅርቦ፣ ዝቅተኛው ድምር ያሸንፋል። ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚመጣውን ተጨማሪ ክፍያ የምታስረዳው የሒሳብ ክፍሏ ናት፤ እኔ ማለት ነው።

ዓርብ ኮሚቴው ይሰበሰባል። የማቀርበው ሰንጠረዥ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ሣጥኑ «ምላሽ አልተሰጠም» የሚል ነው፤ አንዱንም በግምት አልሞላውም።