«ኦፓ» ማለት ፍቅረኛ ማለት አይደለም

«ኦፓ ካለችው ትወደዋለች ማለት ነው» የሚለው ነገር በኮሪያ ድራማ ተመልካቾች ዘንድ እየተደጋገመ ስለሆነ አንዲት እርማት ልጨምር።

ኦፓ ሴት ብቻ የምትለው ቃል ነው፤ ታላቅ ወንድሟን፣ ወይም በዕድሜ የሚበልጣትንና የምትቀርበውን ወንድ ትጠራበታለች። የእኛው «ወንድም ጋሼ» ይቀርበዋል። ፍቅረኛዋ በዕድሜ ከበለጣት እሱንም ኦፓ ልትለው ትችላለች፤ ስህተቱ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ፍቅረኛ ለማለት ግን «ናምጃ ቺንጉ» የሚል ራሱን የቻለ አነጋገር አለ። የሥጋ ወንድም መሆኑን መለየት ሲያስፈልግ ደግሞ «ቺን ኦፓ» ይባላል።

ለማረጋገጥ ጽሑፉን ትታችሁ ድምፁን ስሙ። የትርጉም ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ኦፓን በሰውየው ስም ስለሚተካው ዓይን ያሳስታል። «ራኒንግ ማን» በተባለው የኮሪያ የመዝናኛ ፕሮግራም ላይ በ1981 እ.ኤ.አ. የተወለደችው ሶንግ ጂ ህዮ በ1972 የተወለደውን ዩ ጄ ሶክን ኦፓ ትለዋለች። ሰውየው ባለትዳር ነው፤ ማንም ግን ነገሬ አይለውም። እዚያው ሃሃ የሚባለው ወንድ ተሳታፊ ያንኑ ሰው «ህዮንግ» ይለዋል፤ ወንድ ታላቁን ወንድ የሚጠራው በዚህ ነውና።

ጣጣው ምንድን ነው? ገጸ ባሕርይዋ የጎረቤቷን ልጅ ኦፓ ባለች ቁጥር «ሁለት ወንድ ይዛለች» ትባላለች፤ ደራሲው ያላሰበው የፍቅር ሦስት ማዕዘን ይፈጠራል። ይልቅ ልብ ማለት የሚገባው አጠራሩ ሲቀየር ነው፦ ስሙ ላይ «ሺ» እየጨመረች በአክብሮት ስትጠራው የነበረውን ሰው ድንገት ኦፓ ካለችው፣ ያኔ አንድ ነገር ተለውጧል።